ቁራጩ ከየት ወጣ? አምበር ውስጥ ስለቀሩ ጥንታዊ ነፍሳት

(ደሴ ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አሳጥሬዋለሁ። በመጨረሻ ከተነሱት ጥያቄዎች ጥቂቱን አክያለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ! ከተማሪው የማይተናነስ የሰፈር ሰው መጥቷል። ደስ ይላል። ስለዚህ የላቲን ስሞቹን ቀንሼ ቡና ላይ እንደተቀመጠ ሰው ላውራ።

የማወራው ስለ ሞቱ ነፍሳት ነው። ስለ ጉንዳን፣ ስለ ትንኝ፣ ስለ ምስጥ። ሸረሪትና መዥገርም ይገቡበታል። የባዮሎጂ መምህራን እንዳትቆጡኝ፣ ሁለቱ ነፍሳት እንዳልሆኑ አውቃለሁ። እግራቸው ስምንት ነው። ግን አብረው ስለተገኙ አብረው ይወራላቸው።

እነዚህ ፍጥረታት የሞቱት በጣም ከመቆየቱ የተነሳ ቁጥሩ ራሱ ያደክማል። እንዲያም ሆኖ ዛሬ በማይክሮስኮፕ ስታዩአቸው የእግራቸው ፀጉር ይቆጠራል። ያቆያቸው የዛፍ ሙጫ ነው። ሙጫው ጠንክሮ፣ ተቀብሮ፣ ድንጋይ የሚመስል ነገር ሲሆን አምበር እንለዋለን።

የትኛውም ሙጫ ግን አምበር አይሆንም። ቆላ ያደገ ልጅ ሁሉ የግራር ሙጫ በልቷል። እሱ ከስኳር ዘመድ ስለሆነ ውሃ ያሟሟዋል፤ አንድ ደህና ክረምት ከጣለበት አለቀለት። ዕጣን ደግሞ ድብልቅ ነው። ከፊሉ ውሃ የሚያሟሟው ዓይነት ነው፤ ከፊሉ ውሃ የማይደፍረውና ፍም ላይ ሲጣል የሚሸተው ነው። አምበር የሚሆነው ይህ ውሃ የማይደፍረው ወገን ነው። የጎፍ ደን ገብታችሁ የቆሰለ የጽድ ግንድ ብትነኩ እጃችሁ ላይ ተጣብቆ አልለቅም የሚለው ከዚህ ዓይነት ነው። ዛፉ የሚያወጣው ቁስሉን ለመድፈን፣ ሻጋታና ቦርቧሪ ነፍሳትም እንዳይገቡበት ለመከላከል ነው።

አንዲት ትንኝ እዚያ ላይ ብታርፍ እግሯ ይያዛል። ሌላ ሙጫ ከላይ ሲወርድ ይሸፍናታል። ሙጫው ውስጥ ያሉት ኬሚካሎች ውሃዋን ይመጥጣሉ፤ ባክቴሪያውንም ያዳክሙታል። ከሙጫው የሚተነው ይተንና የቀረው እርስ በርሱ እየተያያዘ ይጠነክራል። እስከዚህ ድረስ ያለው በየጫካው ዛሬም የሚሆን ነው። ብርቅ የሚሆነው ቀጣዩ ነው፦ መቀበሩ። ሜዳ ላይ የቀረ ሙጫን አየርና ፀሐይ ፈርፍረው ይጨርሱታል። የሚተርፈው ጎርፍ ወስዶ ደለል ወይም ረግረግ ውስጥ የቀበረው ነው። አምበር ብዙ ጊዜ ከድንጋይ ከሰል ጋር የሚገኘውም ለዚህ ነው። ከሰሉም ያው የተቀበረ ዕፅዋት ነው።

ገና በመንገድ ላይ ያለ፣ ጠንክሮ ግን አምበር ለመሆን ያልበቃ ሙጫ ኮፓል ይባላል። ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በብዛት ይወጣል። አብዛኛው የጥቂት መቶ ዓመታት ዕድሜ ያለው ነው። ለዓይን ግን አምበር ነው የሚመስለው። ይህን ያዙልኝ፣ ባቲ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ስለ ዕድሜ ትንሽ ልበል። እስካሁን የሚታወቀው እጅግ ጥንታዊ አምበር 320 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ከድንጋይ ከሰል የወጣ። ነፍሳት ግን አልያዘም። ጣሊያን ተራሮች ላይ 230 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው አምበር ውስጥ ሁለት ደቃቅ የመዥገር ዘመዶችና አንዲት ዝንብ ተገኝተዋል። የሊባኖሱ ከ125 ሚሊዮን በላይ፣ የማይናማሩ 99 ሚሊዮን፣ ታዋቂው የባልቲክ ባሕር አምበር ደግሞ ከ34 እስከ 48 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። የዶሚኒካን ሪፐብሊኩ ልጅ ነው፤ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን። ድንቅነሽ እኮ 3.2 ሚሊዮን ብቻ ናት። ኅዳር 1967 ዓ.ም ሐዳር ላይ ስትገኝ ቦታው የሚቆጠረው በወሎ ነበር። ስለዚህ ጥንት ነገር ስናወራ እኛ እንግዶች አይደለንም።

በአምበር ውስጥ የሚገኘው ቅርጽ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ድርጊት ይገኛል። የማይናማር አምበር ውስጥ አንዲት መዥገር ላባ ጨብጣ ተገኝታለች። ላባው የዳይኖሰር ነው። ይህ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። ከብት የሚጠብቅ ሰው ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም፤ መዥገር ምን እንደምትፈልግ ያውቃል። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ መንጋጋዋ ወደ ላይ የሚዘጋ እንግዳ ጉንዳን የበረሮ ዘመድ አንቃ እንደያዘች የሚያሳይ ቁራጭ ይፋ ሆነ። እንዲህ ዓይነት መንጋጋ ያለው ጉንዳን ዛሬ በዓለም ላይ የለም። ዘሩ ጠፍቷል። አዳኝና ታዳኝ ግን እዚያው ናቸው፣ ከ99 ሚሊዮን ዓመት በኋላም አልተላቀቁም።

ግን ተጠንቀቁ። አምበር የጫካውን ሁሉ ነገር አይነግረንም። ትልቁ ጢንዚዛ ታግሎ ይወጣል፤ ደቃቁ ይቀራል። ዛፍ የማይደርስ ነፍሳት አይገባበትም። ተመራማሪዎች ይህን ለማወቅ ማዳጋስካር ሄደው ዛሬ ሙጫ የሚያፈሱ ዛፎች ላይ ምን እንደሚያዝ አዩ። አጠገቡ ልዩ ልዩ ወጥመድ ዘርግተው አወዳደሩ። ሙጫው የያዘው በዋናነት ግንዱ ላይና ዙሪያውን የሚኖረውን ነበር። እኔ ይህን ጥናት ከዳይኖሰር ላባው አስበልጬ እወደዋለሁ። ዜና አይሆንም፣ ግን ሌላውን ሁሉ እንዴት ማንበብ እንዳለብን ይነግረናል።

አሁን ወደ ሀገራችን ልምጣ። ዛሬ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ አምበር አለ። የታወቀው ስፍራ ሰሜን ሸዋ፣ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ አካባቢ፣ የወንጪት ወንዝ ሸለቆ ነው። ከደቡብ ወሎ ብዙ አይርቅም። በ2010 እ.ኤ.አ. ከብዙ ሀገር የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ ስለሱ ጻፉ። ውስጡ ጉንዳን፣ ተርብ፣ ሸረሪት፣ ፈንገስ ሳይቀር አገኙ። ዕድሜውን ከ93 እስከ 95 ሚሊዮን ዓመት አሉት። የዳይኖሰር ዘመን ማለት ነው። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ጉንዳኗም ከዓለም ጥንታዊ ጉንዳኖች ተርታ ተሰለፈች።

ቆይቶ ግን ነገሩ አልገጥም አለ። ነፍሳቱ ለዚያ ዘመን ከመጠን በላይ ዘመናዮች ሆኑ። የሙጫው ኬሚስትሪም በዳይኖሰር ዘመን ከሚታወቀው ሙጫ ጋር አልሄደም። ይልቅ ዛሬ ኮፓል ከሚሰጡት፣ ከባቄላ ቤተሰብ ከሆኑት ዛፎች ሙጫ ጋር ይመሳሰላል። እንደገና ተመረመረ። የድንጋይ ንብርብሩ፣ አብሮ ያለው የዕፅዋት ብናኝ፣ ነፍሳቱ ሁሉ ታዩ። አዲሱ ዕድሜ ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ሆነ። ልዩነቱ 70 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው!

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? አምበር በራሱ ሰዓት የለውም። የካርቦን 14 ዘዴ ከ50,000 ዓመት ወዲያ አይሻገርም። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ውስጡ ያለው አርጎን ተለክቶ ዕድሜው ይታወቃል። የኢትዮጵያ ደጋ የቆመበት ባዛልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው፤ ለዚህ ሥራ ናሙና ከተወሰደባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው ወገል ጤና ነው። አምበር ግን እንዲህ አይለካም። ዕድሜው የሚታወቀው ከተቀበረበት ንብርብር ነው። ከላዩ ምን አለ፣ ከሥሩ ምን አለ፣ አጠገቡ ምን ዓይነት ብናኝ አለ ተብሎ። ያ ንብርብር በስህተት ከተነበበ ውስጡ ያለችው ጉንዳን ሁሉ አብራ ትሳሳታለች። ያ ንብርብር ጨርሶ ካልታወቀማ ምንም ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ሰው አምበር ይዞ ሲመጣ የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ጉንዳኗ አይደለም። ቁራጩ ከየት ወጣ? ከየትኛው ገደል? ከየትኛው ንብርብር? ማን፣ መቼ አወጣው?

አንዳንድ ሰው ዕድሜው ሲቀንስ ዋጋውም የቀነሰ ይመስለዋል። በጭራሽ። በአፍሪካ ከዚያ ዘመን ነፍሳትን የያዘ አምበር በጣም ጥቂት ነው። ያ ዘመን ደግሞ ለእኛ ትልቅ ዘመን ነው። አፍሪካና ዓረቢያ ከእስያ ጋር በየብስ የተገናኙበት፣ እንስሳት ወዲያና ወዲህ የተሻገሩበት ነው። የወንጪቱ ሙጫ ውስጥ የዛፍ ልጥ ላይ የሚበቅሉ፣ ሽበት የምንላቸው ደቃቅ አረንጓዴ ተክሎችና የእነሱ ዘመዶችም ተገኝተዋል። እነዚህ እርጥበት የሚወዱ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ገደልና ማሽላ የምናይበት ሸለቆ ያኔ እርጥብ ጫካ ነበረው ማለት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመውን ብቻ ብነግራችሁ፣ በአንድ የኢትዮጵያ አምበር ቁራጭ ውስጥ 13 ጉንዳኖች ተገኙ። አዲስ ዝርያ ብቻ ሳይሆኑ አዲስ ወገን ሆኑ። ውስጣቸውን ለማየት ሃምቡርግ ባለው ዴዚ በሚባለው የምርምር ማዕከል በኃይለኛ ኤክስሬይ ተነሡ። ስማቸውም ዴዚዮፖኔ ሄሬዮን ተባለ፤ ለዚያ ማዕከልና አብሮ ለሠራው ሄሬዮን ለተባለ ተቋም ምስጋና። መጀመሪያ ሲያዩአቸው ከሌላ የጉንዳን ንዑስ ቤተሰብ መስለዋቸው ነበር። ኤክስሬዩ ነው ያስተካከላቸው።

አንድ ነገር ልናገር፣ ቅር የሚለው ካለ ይቅር ይበለኝ። ከእኛ ገደል የወጣች ጉንዳን የጀርመን የምርምር ማዕከል ስም ይዛ መቅረቷ ትንሽ ይቆረቁረኛል። ያጠኑት ሰዎች ጥፋት የለባቸውም። ሠርተዋል፣ ስም የማውጣት መብታቸው ነው። ወንጪት ብለን ለመጥራት እኛ ቀድመን ማጥናት ነበረብን።

ቦታው የማይታወቅ ቁራጭ ምን ጣጣ እንደሚያመጣ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ አንድ የባልቲክ አምበር ነበር። ውስጡ ዝንብ አለ። ሙዚየሙ የገዛው በ1922 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሎው የተባለ ጀርመናዊ የዝንብ ሊቅ እጅ ነበር። ዝንቧ ዛሬም ሽንት ቤት አካባቢ ከምትገኝ ዝንብ ጋር አንድ ናት። ስለዚህ ዊሊ ሄኒግ፣ በዘርፉ አንቱ የተባለ ሰው፣ በ1966 እ.ኤ.አ. መርምሮ ይህች ዝንብ በአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ምንም አልተለወጠችም ብሎ ተቀበለ። ተገረሙባት፣ ተጠቀሰች። በ1993 እ.ኤ.አ. አንድሩ ሮስ የተባለ ወጣት ተመራማሪ በማይክሮስኮፕ ሲያያት የመብራቱ ሙቀት አምበሩን አሞቀው። አንዲት ስንጥቅ መስመር ብቅ አለች። ለካስ አንድ ሰው እውነተኛውን አምበር ለሁለት ሰንጥቆ፣ አንዱን ጎን ፈልፍሎ፣ የዘመኑን ዝንብ አስገብቶ መልሶ አጣብቆታል! አምበሩ እውነተኛ፣ ዝንቧም እውነተኛ። ውሸቱ መገናኘታቸው ነው።

ሌላው የማይናማር ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ሺንግ ሊዳ የተባለ ቻይናዊ ተመራማሪ ሚቺና ከተማ የአምበር ገበያ ውስጥ አንድ ቁራጭ አገኘ። ሻጮቹ ውስጡ ያለው ተክል ነው ብለው ያስባሉ። ሲመረመር ላባ ያለው የዳይኖሰር ጭራ ሆነ! አጠገቡ ጉንዳንም አለች። ያ ቁራጭ ባይታይ የአንዱ ሰው አንገት ጌጥ ሆኖ ይቀር ነበር። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ገበያው ሌላ ፊት አለው። አምበሩ የሚወጣበት የካቺን ግዛት ጦርነት ያለበት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሠራዊቱ የማዕድን ቦታዎቹን ተቆጣጠረ። ከዚያ በኋላ የአምበር ገንዘብ ማንን ያስታጥቃል የሚለው ጥያቄ ተነሳ። በ2020 እ.ኤ.አ. የዓለም የአከርካሪ እንስሳት ቅሪተ አካል ተመራማሪዎች ማኅበር መጽሔቶች ከዚያ የሚመጣ አዲስ አምበር ላይ የተሠራ ጥናት እንዳያትሙ ጠየቀ። ሁሉም አልተስማማም። ክርክሩ ዛሬም አለ። እኔ ከማኅበሩ ወገን ነኝ። ሰው የሞተበትን ጉድጓድ እያለፍኩ የጉንዳን እግር መቁጠር አይዋጥልኝም።

አሁን ባቲ እንውረድ። ሰኞ ገበያ። እዚያም ሆነ ከሚሴ በኩል እናቶች አንገት ላይ ትልልቅ ቢጫ ዶቃ አይታችኋል። ከእናት ለልጅ የሚተላለፍ፣ ለሠርግ የሚወጣ። ሰው አምበር ነው ይለዋል። አንዳንዱ በእርግጥ አምበር ነው። አንዳንዱ ኮፓል ነው። ብዙው ግን ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ አውሮፓ ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ ለአፍሪካ ገበያ የተላከ የፌኖል ፕላስቲክ ነው። ይህን ስል አንዲት እናት ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። አብሽሩ! ሰው ሠራሹም ቢሆን መቶ ዓመት የሞላው፣ አያት አንገት ላይ የነበረ ዶቃ ነው። ሰብሳቢዎች በደህና ዋጋ ይገዙታል። ጉንዳን ግን አትፈልጉበት።

መለየት የምትፈልጉ ቀላል መንገድ አለ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨው አልሟሟ እስኪል ድረስ ጨምሩ። አምበርና ኮፓል ይንሳፈፋሉ። የፌኖሉ ፕላስቲክ ይሰምጣል። አምበርን ከኮፓል ለመለየት ደግሞ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ አሴቶን ያለበትን፣ አንድ ጠብታ በማይታይ ጎኑ አድርጉ። ኮፓሉ ይጣበቃል። አምበሩ ብዙም አይነካም። በጋለ መርፌ መውጋት የሚባል ዘዴም አለ። እሱን ተዉት፤ የአያት ዶቃ አይወጋም።

ደላንታን ሳልጠቅስ ብወርድ የሚቆጣኝ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ተገኘ። የወሎን ስም ዓለም ላይ ያስጠራ ድንጋይ። ኦፓል ከአምበር ጋር ዝምድና የለውም፤ እሱ ሲሊካና ውሃ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ኦፓሉ የሚገኝበት ሁኔታ ነው። በዚያ ሁሉ የባዛልትና የአመድ ድንጋይ ክምር ውስጥ ኦፓሉ ያለው ውፍረቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ንብርብር ውስጥ ነው። የደላንታ ልጆች ያችን ንብርብር ከገደል ማዶ ቆመው በዓይናቸው ይለይዋታል። ተከትለው ይቆፍራሉ፣ ተንበርክከው ይገባሉ። ስንቱ ላይ ተንዶበት ቀርቷል። ይህ ንብርብር የማንበብ ችሎታ ከጂኦሎጂ ክፍል ተማሪ ይበልጣል። የአምበር ፍለጋም የሚጠይቀው ይህንኑ ዓይን ነው። ነጥብ ልጨምር፦ አምበር ላቫው ውስጥ አይገኝም፣ ሙቀቱ ያጠፋዋል። የሚፈለገው በሁለት ባዛልቶች መካከል፣ ሐይቅና ረግረግ የነበረበት፣ ሸክላና ከሰል ያለበት ንብርብር ውስጥ ነው። ወሎ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ንብርብር አለ። ውጫሌ በኩል የድንጋይ ከሰል መኖሩ የታወቀ ነው። አምበር አለ እያልኩ አይደለም። መፈለጊያው የት እንደሆነ እያልኩ ነው።

እዚህ ላይ ንግግሬን አቁሜ ጥያቄ ተቀበልኩ። ጥቂቱን እነሆ።

አንድ ተማሪ ጁራሲክ ፓርክ ስለሚባለው የዳይኖሰር ፊልም ጠየቀ። ሁሌም ይጠየቃል። ከትንኝ ሆድ የዳይኖሰር ደም ወስዶ ዳይኖሰር መፍጠር ይቻላል ወይ? አይቻልም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከአምበር ዲኤንኤ አገኘን ያሉ ነበሩ። ከዶሚኒካን ንብ፣ ከሊባኖስ ጢንዚዛ። በ1997 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ሙዚየም ሰዎች ደግመው ሞከሩ፤ ምንም አላገኙም። በ2013 እ.ኤ.አ. ኮፓል ውስጥ ባለ ነፍሳት ላይ ሳይቀር ተሞክሮ አልተገኘም። ኮፓል እኮ በአምበር ፊት ሕፃን ነው። ዲኤንኤ ይፈርሳል። በአጥንት ላይ በተሠራ ስሌት ግማሹ በ521 ዓመት ውስጥ ይጠፋል። በአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ላይ የሚተርፍ የለም። አብዛኛው የአምበር ነፍሳት ውስጡ ባዶ ነው፤ የምናየው የውጭ ቅርጹን ነው። አልፎ አልፎ ጡንቻ የቀረበት ይገኛል። ኤክስሬዩ የሚጠቅመው እዚያ ላይ ነው።

አንዲት መምህርት ማሽን ሳይኖረን ምን እንሠራለን አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አምበር ለማዘጋጀት መነሻው ውድ አይደለም። ደቃቅ የአሸዋ ወረቀት፣ ውሃ፣ ትዕግሥት። ነፍሳቱ በደንብ እንዲታይ አንዱን ጎን ቀጥ አድርጎ ማለስለስ ነው። ደካማ ቁራጭ እንዳይሰነጠቅ ኢፖክሲ በሚባል፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ማጣበቂያ ይሸፈናል። ተራ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ጉንዳንን ከተርብ ለመለየት ይበቃል። ሃምቡርግ መሄድ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። ሲኬድም እኛ ተሸክመነው ብንሄድ ይሻላል።

አንድ አባት ደግሞ ከኋላ ተነስተው «ልጄ፣ ብናገኘውስ ምን እናድርግ? ዋጋውስ ስንት ነው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ቁም ነገር ነው አልኩ። ዋጋውን እንዲህ ነው ብዬ ብናገር ነገ ገደሉን የሚንዱት ይበዛሉ። ምን እናድርግ ለሚለው ግን መልስ አለኝ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት። ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ወይም ዩኒቨርሲቲ ያለ የጂኦሎጂ መምህር አነጋግሩ። ከዚያ በፊት ግን ስልካችሁን አውጡ። ገደሉን ከሩቅ አንሱት። ቀርባችሁ ንብርብሩን አንሱት፣ አጠገቡ እስክሪብቶ አድርጉበት ልኩ እንዲታወቅ። ስልኩ ላይ ያለው ካርታ የሚሰጣችሁን ቁጥር ጻፉ። ከላዩ ምን ዓይነት ድንጋይ አለ፣ ከሥሩ ምን አለ፣ ጻፉ። ጎርፍ አምጥቶት ከወንዝ ያነሳችሁት ከሆነም ያንኑ ጻፉ፤ ከገደሉ ነው አትበሉ። ቁራጩን አታጥቡት፣ ዘይት አትቀቡት፣ እንዲያበራ አትሹት። አየርና ብርሃን ያሰነጥቁታል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ጨለማ ቦታ፣ ወረቀቱን አብራችሁ አስቀምጡት። ወረቀቱ ከቁራጩ እንዳይለይ።

አባት ተቀምጠው እንደገና ተነሱ። «ወረቀቱ ቢጠፋስ?» አሉ።

ያኔ ለልጅ ልጅዎ ዶቃ ያሠሩላት አልኳቸው።